ቀሚስና ሸሚዝ፦ በሁለት በር የገባ አንድ ቃል

ግንቦት 1 ቀን በልደታ ማርያም ደጅ የሚቆመውን ሕዝብ አስቡት። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ጥለቱ የደመቀ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ነጠላቸውን ያጣፉት በሸሚዝ ላይ ነው። ቀሚሱን የአገር፣ ሸሚዙን የፈረንጅ አድርገን ማየት ለምደናል። አንዱን በበዓል ስንለብስ ማንነታችንን እንደምናሳይ፣ ሌላውን በሥራ ቀን ስንለብስ ከዘመኑ ጋር እንደምንሄድ ይሰማናል። በልብስነታቸው ይህ ስሜት ምክንያት አለው። በስማቸው ግን ቀሚስና ሸሚዝ የአንድ ቃል ሁለት መልኮች ናቸው። ከአንድ ምንጭ ተነሥተው አንደኛው በምሥራቅ በኩል ዞሮ በጥንት ዘመን፣ ሁለተኛው በምዕራብ በኩል ዞሮ ከመቶ ዓመት ብዙም በማይርቅ ጊዜ አማርኛ ውስጥ ገቡ። ዛሬ የማስረዳው ነገር አንድ ነው። እነዚህ ቃላት ወደ እኛ የመጡት ቋንቋችን ድሃ ስለነበረ አይደለም፤ ከመቀስና ከመርፌ ሥራ ጋር ስለመጡ ነው። ቋንቋችንም ሲቀበላቸው ለእያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ ሰጥቶ ነው።

ከምንጩ እንጀምር። ከቃሉ ቀደምት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው በላቲን ሲሆን መልኩ «ካሚሲያ» ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፋቢዮላ ለተባለች ሮማዊት ሴት አንድ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ጉዳይ የአሮን የክህነት ልብስ ነው። የካህኑ የውስጥ ልብስ በሰውነት ልክ የተሠራ መሆኑ እንዲገባት ሲል፣ ወታደሮች የሚለብሱትንና ካሚሲያ ብለው የሚጠሩትን የተልባ እግር ልብስ ምሳሌ አድርጎ ያነሣላታል። ከዚህች አጭር ማብራሪያ ሁለት ነገር እናገኛለን። ቃሉን የተማሩ ሰዎች ሳይሆኑ ወታደሮች ይሉት እንደነበረ፣ ልብሱም እንደ ሮማውያን ቶጋ በትከሻ የሚጣል ሳይሆን ሰውነትን ተከትሎ የተሰፋ እንደነበረ። ወታደሮቹ ስሙን ከወዴት አገኙት ለሚለው፣ የቋንቋ ሊቃውንት ጣታቸውን ወደ ሰሜን ይቀስራሉ። ብዙዎቹ በጎል፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር፣ ከነበሩት ኬልቶች አፍ የመጣ ነው ይላሉ፤ ጀርመኖች ዛሬም ሸሚዝን «ሄምድ» የሚሉበት ቃል ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው ይባላል። ከላቲን ተመልሶ ጥንታዊ አየርላንድኛ ውስጥ እንደገባም በዚያ ቋንቋ መጻሕፍት ይታያል። ከኬልቶች የወጣው ቃል ሮማን ዞሮ ወደ ሌሎቹ ኬልቶች መድረሱ መሆኑ ነው። ስፓኞችና ፖርቱጋሎች ካሚሳ፣ ጣሊያኖች ካሚቻ፣ ፈረንሳዮች ሽሚዝ አሉት።

ወደ ምሥራቅ ሲያቀና በግሪክኛ «ካሚሲዮን» ሆነ። ከዚያ ወደ ሴማውያን ቋንቋዎች ሲሻገር በዐረብኛ «ቀሚጽ»፣ በግእዝ «ቀሚስ» የሚል መልክ ያዘ። በዐረብኛ እጅግ የቆየ መሆኑን ቁርኣን ራሱ ይመሰክራል። በ12ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱ ዩሱፍ፣ የነቢዩ ዩሱፍ ታሪክ ከዚህ ልብስ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተያይዞ ይሄዳል። ወንድሞቹ የሐሰት ደም የቀቡት እሱ ነው፤ ከኋላው ተቀዶ ንጽሕናውን የመሰከረለት እሱ ነው፤ በአባቱ በያዕቆብ ፊት ላይ ተጥሎ ብርሃኑን የመለሰለትም እሱ ነው። ዐረቦች ቃሉን ከመልበስ አልፈው አረቡት፤ ቀሚስ መልበስን የሚገልጽ ግሥ አወጡለት፣ ከዚያም ነፍስ ከአንዱ አካል ወጥታ ሌላውን ትለብሳለች የሚለውን እምነት በዚያው ግሥ ሰየሙት።

ግእዙ ቃሉን ያገኘው ከማን ነው? እዚህ ላይ ሊቃውንት በሁለት ወገን ቆመዋል። አንዱ ወገን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መጣ ይላል። ሌላው ወገን ከግሪክኛ ወይም ከሶርያ ቋንቋ ወደ ግእዝ ቀድሞ ገብቶ እንደሆነ፣ እንዲያውም ዐረብኛው ከእኛ ወስዶት ሊሆን እንደሚችል ያስባል። ሁለተኛውን ወገን የሚደግፍ አንድ ጥሩ ማስረጃ በፊደላችን ላይ አለ። ግእዝ የግሪክን «ክ» ድምፅ በ«ቀ» የመጻፍ ልማድ አለው፤ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ቆሮንቶስ፣ ቆጵሮስ የሚሉትን ስሞች ተመልከቱ። የግሪክን «ስ» ግን ሳይለውጥ በ«ሰ» ያስቀምጠዋል። ዐረብኛ ደግሞ በአንዳንድ እንግዳ ቃላት ላይ ያንኑ «ስ» ወደ ጠንካራው «ጸ» ይመልሰዋል። ቄሳር የሚለውን ማዕረግ ግእዝ በ«ሳ» ሲጽፈው ዐረብኛ «ቀይጸር» ይለዋል። ቀሚስና ቀሚጽም ልክ እንደ ቄሳርና ቀይጸር ጥንድ ሆነው ይቆማሉ። ስለዚህ ግእዙ ከዐረብኛ ቢወስደው ኖሮ «ቀሚጽ» ባለው ነበር የሚል ክርክር ይነሣል።

ክርክሩ ያምራል፤ ሆኖም ሙሉ አይደለም። የዐረብኛው ጠንካራ ድምፅ ወደ እኛ ሲሻገር ለስልሶ የተገኘባቸው ቃላት ጥቂት አይደሉም። ሳሙና የዐረብኛው «ጻቡን» ነው፤ ሱፍ «ጹፍ» ነው፤ ግብጽን በዐረብኛ ስሟ ስንጠራት ምስር የምንላትም «ምጽር» ከሚለው ነው። እንግዲህ «ሰ» ብቻዋን ቀሚስ ከዐረብኛ አልመጣም ብላ ልትመሰክር አትችልም። ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታላቅ የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ቃሉን ከዐረብኛውና ከላቲኑ ጋር አዛምደው አስቀምጠውታል። ለዛሬው ነገሬ ግን ከሁለቱ መንገዶች የትኛውም ቢመረጥ ለውጥ የለውም፤ በሁለቱም ቀሚስ የቀይ ባሕርን ዓለም አቋርጦ የመጣ የቆየ እንግዳ ነው፤ በሁለቱም ሸሚዝ ከመወለዱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት አገር ለምዷል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከአብነት ትምህርት ቤት ወገን የሚነሣ በመሆኑም በአክብሮት ልመልሰው ይገባኛል። «ቀሚስ የራሳችን ቃል ነው፤ መልኩን እዩት፣ እንደ ቀቲል ያለ የግእዝ ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ቀመሰ ከሚለውም ይወጣል» የሚል ነው። ስለ መልኩ የተባለው እውነት ነው። ቀሚስ በግእዝ የቃላት ቅርጽ ላይ ልክ ቁጭ ብሎ ተገኝቷል፤ እንግድነቱ ቶሎ የተረሳውም ለዚህ ይመስለኛል። ዐረቦችም የራሳቸው የቃል ቅርጽ ስለገጠመላቸው እንደ ራሳቸው ቃል ቆጥረውታል። ነገር ግን የቅርጽ መግጠም የትውልድ ማስረጃ አይሆንም፤ ትርጉምም አብሮ መግጠም አለበት። ከመቅመስ ወደ መልበስ የሚያደርስ መንገድ የለም። በላቲኑም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሴቪሉ ኢሲዶር ካሚሲያ የተባለው «ካማ»፣ ማለትም አልጋ፣ ከሚለው ነው፤ ተኝተን ስለምንለብሰው ነው ብሎ ጽፏል። ትልቅ ሊቅ ነበረ፤ ግን በድምፅ መመሳሰል ተስቦ ተሳሳተ። የእንግዳ ቃል ባለቤት የሆነ ሕዝብ ሁሉ እንግዳውን ከቤተሰቡ ጋር ሊያዛምድ ይጥራል፤ ይህ የፍቅር ምልክት ነው፤ የዘር ሐረግ ግን አይደለም።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ቀሚስ ዛሬ በአማርኛ ያለ ቅጽል ሲነገር የሴት ልብስ ማለት ነው። ጥንት እንዲህ አልነበረም። በሄሮኒሞስ ዘመን የወታደር፣ በቁርኣኑ የነቢይ ልብስ ነው። በአገራችንም የካህናት ነው፤ እስከ ዛሬ ካህኑና ደብተራው ረጅም ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ለቅዳሴ የሚገባው አገልጋይም ከልብሰ ተክህኖው አንዱ ቀሚስ ነው። የመኳንንትም ነበረ። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በተለይም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የሐር ቀሚስ ከንጉሥ እጅ መሸለም ትልቅ ክብር ነበር፤ ባለ ቀሚስ መባልም ማዕረግ ነበር። በዚያ ዘመን አገራችንን ያዩ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ነገሩን እንደ አገራቸው ኒሻን ቆጥረው ጽፈውታል። ምክንያቱን ማየት አያዳግትም። አብዛኛው ወንድ ሱሪና ሸማ ብቻ በሚለብስበት አገር፣ በመቀስ ተቆርጦ፣ እጅጌ ወጥቶለት፣ በሐር የተሰፋ ልብስ ባሕር ማዶ የደረሰን እጅና የሠለጠነ ልብስ ሰፊን የሚጠይቅ ነው። ክብሩ በሐሩ ብቻ አልነበረም፤ በስፌቱም ነበር።

ታዲያ ቀሚስ ከወንዶች ገላ ላይ እንዴት ወረደ? መልሱ ሸሚዝ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የከተማው ወንድ፣ በተለይም የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው፣ ኮትና ሸሚዝ መልበስ ሲጀምር፣ ቀሚስ ልብሱን ባልለወጡት ሁለት ወገኖች ዘንድ ቀረ፤ በካህናትና በሴቶች ዘንድ። ከዚያ ወዲህ ስሙም ከእነሱ ጋር ተጣበቀ። ሙስሊም ወንዶች የሚለብሱትን ረጅም ልብስ ዐረቡ ቀሚጽ እያለው በእኛ አማርኛ ጀለቢያ መባሉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ቀሚስ የሚለው ስም ተይዟልና ሌላ ስም አስፈለገው።

አሁን ሁለተኛውን በር እንክፈት። ሸሚዝ የመጣው ከፈረንሳይኛ እንጂ ከጣሊያንኛ አይደለም። ከጣሊያንኛ ቢመጣ ኖሮ «ካምቻ» እንል ነበር። ይህ ግምት አይደለም፤ ጣሊያን ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገዛት ኤርትራ የትግርኛ ተናጋሪዎች ዛሬም ሸሚዝን ካምቻ ይሉታል። በአንድ የግእዝ ፊደል የሚጽፉ ሁለት እኅትማማች ቋንቋዎች አንዱን ልብስ አንዱ በፓሪስ፣ አንዱ በሮም ስም መጥራታቸው የታሪካችንን መለያየት ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ያሳያል። አዲስ አበባ ፈረንሳይኛን ያገኘችው በትምህርት ቤትና በባቡር ነው። የአሊያንስ ትምህርት ቤት በ1907፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ፤ ፈረንሳይኛም እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የተማረው ሰው ዋና የውጭ ቋንቋ ሆኖ ቆየ። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። ከልደታ ብዙ ሳይርቅ ያለው ለገሃር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቢሮና ከረባት የመጡትም በዚያው መንገድ ነው። ሸሚዝ፣ ከረባትና ቢሮ በአንድ ባቡር ደረሱ ብል ብዙ አልሳሳትም፤ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙ ነገሮች ናቸውና። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣሊያን ወረራ ሸሚዝን በካምቻ ሊተካው አልቻለም፤ ቦታው ተይዞ ነበር። ያልተያዙትን ስሞች ግን ጣሊያንኛ ያዘ፤ ካልሲ፣ ጓንትና ኮሌታ የእሱ ናቸው።

እስካሁን ያልኩትን ወደ ዋናው ነገሬ ላምጣው። የሸማኔንና የልብስ ሰፊን አንደበት አነጻጽሩ። ሸማኔው ድር ይላል፣ ማግ ይላል፣ መወርወሪያ ይላል፣ ጥለት ይላል። ከእጁ የሚወጣውም ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ፣ ቡልኮ፣ መቀነት ነው። ከቃላቱ አንዱም የፈረንጅ ወይም የዐረብ ጠረን የለውም። ነጠላ የተባለውም ከመደረቡ ወይም ካለመደረቡ በተወሰደ በራሳችን ቃል ነው። አሁን ደግሞ ወደ መርካቶ ልብስ ሰፊ ሂዱ። ከፊቱ ያለው የስፌት መኪና ነው፤ መኪና ጣሊያንኛ ነው። ኮሌታ ያወጣል፣ ፎደራ ያስገባል፤ ሁለቱም ጣሊያንኛ ናቸው። አዝራር ይተክላል፤ አዝራር ዐረብኛ ነው። የሚሰፋው ሸሚዝ፣ ኮት፣ ጃኬት፣ ካፖርት ነው። የራሳችን የቀሩት መርፌ፣ ክርና ስፌት ናቸው። ልዩነቱ የድንገት ሊሆን አይችልም። ከገዛ ጉድጓዳችን ሽመና የወረደ ልብስ በገዛ ስሙ ይጠራል፤ ተቆርጦ በሰውነት ልክ የተሰፋ ልብስ የቆራጩን አገር ስም ይዞ ይመጣል። ሄሮኒሞስ ካሚሲያን የለየው በሰውነት ልክ በመሰፋቱ ነበረ፤ ቃሉ ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ የተከተለው ጨርቁን ሳይሆን ስፌቱን ነው። የተልባ እግር ሆኖ ተነሣ፣ ሐር ሆነ፣ ጥጥ ሆነ፤ ስሙ ግን ጸና። የሐበሻ ቀሚስ የሚለው ሐረግም በዚህ ይፈታል። ጨርቁ የእኛ ነው፣ ጥለቱ የእኛ ነው፣ ሐበሻ የሚለው ቅጽልም ይህንኑ ይናገራል፤ ቀሚስ የሚለው ግን የቁርጡ ስም ነው።

ይህን ሐሳብ የሚፈትኑ ቃላት አሉ፤ ልዘላቸው አልፈልግም። ሻሽ አይሰፋም፣ ይጠመጠማል እንጂ፤ ሆኖም ስሙ ዐረብኛ ነው። መልሱ ሻሽ ከሸማኔያችን እጅ የወጣ ሳይሆን ጨርቁ ራሱ በንግድ የመጣ መሆኑ ነው፤ እንደ ሐርና እንደ አቡጀዲ ስሙን ከጥቅሉ ጋር ይዞ መጣ። በርኖስም ከዐረብኛ ነው፤ እሱ ግን የተሰፋ ስለሆነ ሐሳቤን አይቃወምም። ጠንካራው ፈተና እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ናቸው፤ ሁለቱም የተሰፉ፣ ሁለቱም በንጹሕ አማርኛ የተሰየሙ። አስተውሉ፤ አሰያየማቸው ግን እንደ ጋቢ ወይም እንደ ኩታ አይደለም። እጀ ጠባብ እጅጌው ጠባብ መሆኑን ይናገራል፤ ተነፋነፍ መነፋቱን ይናገራል። አዲስ ቁርጥ አይቶ የተደነቀ ሰው ያየውን መልክ ሲገልጽ የሚያወጣው ስም ነው። እንግዳ ቃል ሲታጣ ወይም ሳይወደድ ሲቀር ቋንቋችን የተሰፋውን ልብስ በመግለጫ ይሰይመዋል። ስለዚህ እነዚህ ቃላት የተሰፋው ልብስ ለስም ሰጪዎቻችን አዲስ ነገር እንደነበረ የሚያስረዱልኝ ምስክሮች ናቸው።

ከዚሁ የሚቀጥል ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ስለ ቋንቋቸው ከሚቆረቆሩ ሰዎች የሚመጣ በመሆኑ ቀላል አድርጌ አላየውም። «እጀ ጠባብ የሚል መልካም ቃል እያለን ሸሚዝ ለምን እንላለን? ለምን አንመልሰውም?» ይላሉ። እኔ አይመለስ ባይ ነኝ። እጀ ጠባብ የራሱ ልብስና የራሱ ዘመን አለው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የዮሐንስ ወንጌል ወታደሮቹ ዕጣ የተጣጣሉበትን የጌታን ወጥ ልብስ እጀ ጠባብ ይለዋል። ይህን ስም ኮሌታና አዝራር ላለው የቢሮ ልብስ ብንሰጠው ያ ትዕይንት በአንባቢው ዓይን ይበላሻል። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አሮን ልብስ በሚናገሩት ክፍሎች ተርጓሚዎቹ ሸሚዝና ቀሚስ የሚሉትን ጎን ለጎን፣ ለሁለት የተለያዩ ልብሶች ተጠቅመውባቸዋል፤ ሸሚዙ ከውስጥ፣ ቀሚሱ ከላይ። ሄሮኒሞስ ካሚሲያን ያነሣው ይህንኑ የአሮንን ልብስ ለማስረዳት እንደነበረ አስታውሱ። ከ1,500 ዓመት በላይ በኋላ የአማርኛ ተርጓሚዎች በዚያው ምንባብ ላይ የዚያኑ ቃል ሁለት ልጆች አንድ ላይ አሰለፏቸው፤ አንባቢም ሳይደናገር ለየ። ሁለት ልብስ ለመለየት ሁለት ስም የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል?

«አንድን ቃል ሁለት ጊዜ መዋስ የቋንቋ ዝርክርክነት ነው» ለሚልም ዓለምን ዞር ብሎ ማየት ይበቃዋል። ኢንዶኔዥያውያን ከዐረብኛ የመጣውን ቃል ጋሚስ ብለው ለረጅሙ ልብስ፣ ከፖርቱጋል የመጣውን ክሜጃ ብለው ለሸሚዝ አደረጉት፤ የእኛን ታሪክ በሌላ ባሕር ዳር ደገሙት ማለት ነው። እንግሊዞች ሸርት የሚሉትና ስከርት የሚሉት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ የራሳቸው፣ ሌላው ከሰሜን በመርከብ ከመጡት ሰዎች የተገኘ። አንዱን ለላይኛው ገላ፣ ሌላውን ለታችኛው ሰጡት። እኛም ሸሚዝን ለላይ አድርገን፣ ከወገብ በታች ላለው ጉርድ ቀሚስ ስንል ያንኑ ክፍፍል በራሳችን መንገድ ደርሰንበታል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ያ የእንግሊዞች ሸርት ቲሸርት ሆኖ በመካከላችን ገብቷል። እሱ ከካሚሲያ ቤተሰብ አይደለም፤ ግን የገባበት ደንብ አልተለወጠም። ቁርጡ አዲስ ነበር፣ ኮሌታ የለውም፣ አዝራር የለውም፣ ሸሚዝ ሊባል አልቻለም፤ ስለዚህ ስሙን ይዞ መጣ።

የምጠይቀው አንድ የሥራ ነገር አለ። ወደፊት የሚዘጋጁ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቀሚስን «የሴት ልብስ»፣ ሸሚዝን «የወንድ ልብስ» ብለው ብቻ እንዳያልፏቸው እፈልጋለሁ። የካህኑ ቀሚስ፣ የባለ ቀሚሱ ማዕረግ፣ ጉርድ ቀሚስ፣ የሐበሻ ቀሚስ እያንዳንዳቸው ከነዘመናቸው ሊገቡ ይገባል፤ ከሸሚዝ ጎን የትግርኛው ካምቻ ሊጠቀስ ይገባል። የመርካቶ ልብስ ሰፊዎችና የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በየቀኑ የሚናገሯቸው የሙያ ቃላትም ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ ከአፋቸው፣ ከነአነጋገራቸው መመዝገብ አለባቸው። ፎደራንና ማግን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሚያይ ተማሪ፣ እኔ በዚህ ሰዓት በብዙ ቃል የደከምኩበትን ነገር በራሱ ዓይን ያየዋል።